አራዳው ኩላሊት፦ ከአሞሌ ገበያ እስከ ደም ግፊት

"አራዳ" የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቦታ ነው፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ተዘርግቶ የነበረው የምኒልክ ዘመን ገበያ። ሁለተኛው ጠባይ ነው፤ ኑሮ ሲጠብ የሚጠብ፣ ሲሰፋ የሚሰፋ፣ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የነጋዴውን ዓይን የሚያነብ ሰው። የዛሬው ጨዋታችን ሁለቱን አራዳዎች የሚያገናኝ ነው። ስለ ጨው ላወራችሁ ነው፤ እግረ መንገዴንም ስለ ኩላሊት። ወይም በተቃራኒው። (ዘመን ስጠቅስ የአገራችንን ጉዳይ በኛው ዓ.ም.፣ የፈረንጁን በእ.ኤ.አ. አደርገዋለሁ። ግራ ከተጋባችሁ ሰባት ወይም ስምንት ደምሩ።)

አዲስ አበባ ገና ድንኳንና ጎጆ በነበረችበት ዘመን አራዳ የወጣ ገበያተኛ ኪሱ ውስጥ ሳንቲም አይኖረውም (ኪስ ራሱ ላይኖረው ይችላል)። ትልቁ ግብይት የሚካሄደው በጠገራ ብር ነው፤ ያቺ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ባለባት። ትንሹ ግብይት ግን በአሞሌ ነው። አሞሌ ማለት እንደ መሳያ ድንጋይ ተጠርቦ የተስተካከለ ጥፍጥፍ ጨው ነው። የሚመጣው ከአፋር፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ ነው። እዚያ ምድሪቱ በመጥረቢያ ትፈለጣለች፣ ጨዉ ይጠረባል፣ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፣ "አርሖ" የሚባለው የጨው ነጋዴ ጉዞ ገደሉን እየወጣ ወደ ትግራይ ደጋ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እያለ ጎንደር፣ ጎጃም፣ ሸዋ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይወርዳል።

ይህ ንግድ የትናንት አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ነጋዴ የነበረው ግሪካዊው ኮስማስ የአክሱም ሰዎች ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው ወደ ሳሱ አገር እየወረዱ በወርቅ ይለውጡ እንደነበር ጽፏል። ጨው ሰጥቶ ወርቅ መቀበል! ከሺህ ዓመት በኋላ፣ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከሚቆፈርበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ መዝግቧል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ከጨው ሜዳው አጠገብ ብዙ አሞሌ በአንድ ብር ይገኛል፤ ከአፋር በራቃችሁ ቁጥር በዚያችው ብር የምታገኙት ጥቂት ነው። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፣ ቀረጥ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ ዝናብ አለ። ገንዘብህ በዝናብ ሲሟሟ አስበው።

እናም ደጋ ላይ ለሚኖር ገበሬ ጨው ማለት የሚቆጠብ ነገር ነበር። ወጥ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ነዋ! አንድ ሰው አሞሌውን ሰብሮ ሽሮው ውስጥ ሲጨምር የዛሬ ሰው መቶ ብር ቀዶ ድስት ውስጥ እንደጨመረ ያህል ነው ብል አጋነንህ ትሉኝ ይሆናል፤ ትንሽ አጋንኛለሁ። ግን ትንሽ ብቻ። ከብቶቹ እንኳ ጨው ሲያምራቸው የሚነዱት ወደ አሞሌ ሳይሆን ወደ ሆራ ነበር። እንጀራችን በአብዛኛው ጨው አይገባበትም፤ ጨው የወጡ ነው። ቡና በጨው የሚጠጣበት አገርም ለእንግዳ ጨው የሚጨምረው ስላከበረው ነው።

አሁን ወደ ኩላሊት።

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ጨው ቢመዘን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። አሞሌ እንደ ዘመኑና እንደ ቦታው ክብደቱ ይለያያል፤ የሆነ ሆኖ ይህ አንድ ደህና አሞሌ የሚያስንቅ ጨው ነው፤ በየቀኑ፣ በየአንዳንዳችን ሆድ ውስጥ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ቢፈስ በአንድ ቀን እናልቅ ነበር። አንፈስም። ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። መላሾቹ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ በአንድ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ቱቦውን እንደ ጨው መንገድ፣ በላዩም ኬላዎች እንደተተከሉበት ቁጠሩት። የመጀመሪያው ኬላ ሁለት ሦስተኛውን ጨው ሳይጠይቅ ሳይመረምር ይመልሳል። ሁለተኛው በ1862 እ.ኤ.አ. ባገኘው ጀርመናዊ ስም "የሄንሌ ቀለበት" የሚባለው ሲሆን ሩቡን ያህል ይመልሳል። ቀጥሎ ሌላ አጭር ኬላ አለ። ወደ መጨረሻው፣ ወደ ከተማው በር፣ የሚደርሰው 2 ወይም 3 በመቶ ነው። "ለ3 በመቶ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ወሬ?" እንዳትሉኝ። የአንድ ኪሎ ተኩል 3 በመቶ 45 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይብላ ይላል። እንግዲህ የቀን ሙሉ የጨው ሒሳባችን የሚዘጋው በዚያች በመጨረሻዋ በር ላይ ነው።

በበሩ ላይ የሚቀመጠውስ ማነው? በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን ንግድና ቀረጥ የሚቆጣጠረው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስን ያላስፈቀደ ሸቀጥ አራዳ አይገባም። የኩላሊት ነጋድራስ አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ነው። የሚኖረው ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ ከተደፋች ትንሽ ዕጢ ውስጥ ሲሆን ትእዛዙን በደም ይልካል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨው ሲያንስና የደሙ መጠን ሲቀንስ፣ ቱቦው ራሱ ላይ ያሉ ጥቂት ጠባቂ ሕዋሳት የሚያልፈው ጨው መሳሳቱን ያውቃሉ። ጎረቤቶቻቸውን ይነግራሉ። ጎረቤቶቹ ሬኒን የሚባል ነገር ይለቃሉ፤ ሬኒን አንጂዮቴንሲንን ያስነሳል፤ አንጂዮቴንሲን የደም ሥርን አጥብቦ ወደ ዕጢዋ ይሄዳል፤ ነጋድራሱ ይነቃል። አልዶስቴሮን የመጨረሻው ቱቦ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ በቀጥታ ወደ ዘረ መል መዝገቡ ይዘልቃል፤ "ተጨማሪ በር ሥሩ" ይላል። ከሰዓታት በኋላ በሕዋሳቱ ፊት ላይ ሶዲየም የሚያስገቡ በሮች ይበዛሉ፣ ከኋላም ሶዲየሙን ወደ ደም የሚገፉት ሞተሮች ይጠናከራሉ። ችግሩ በቀናት ሳይሆን በሳምንታት የሚቆጠር ከሆነ ሕዋሳቱ ራሳቸው ይወፍራሉ፤ ቱቦው እንደ ሥራው ብዛት መልኩን ይለውጣል። ጨው ሲበዛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነጋድራሱ ይተኛል፣ በሮቹ እየተነቀሉ ወደ ውስጥ ይመለሳሉ፣ በቱቦው ያለፈው ጨው ይፈሳል። ልብ ራሷ ስትወጠር "ኧረ ጨው አስወጡ" የሚል የራሷን ሆርሞን ትልካለች፤ ይህን አዶልፎ ደ ቦልድ የተባለ ተመራማሪ ካናዳ ውስጥ ያሳየው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። (ልብና ኩላሊት በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ሁልጊዜ አብረው ሲመረመሩ የሚሰማ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።)

እንግዲህ አራዳ ማለት ይሄ ነው። ሲጠብ የሚጠብ፣ ሲሰፋ የሚሰፋ።

ነገር ግን ማስተካከሉ ወዲያው አይደለም። ዛሬ ጨዋማ ነገር አብዝቶ መብላት የጀመረ ሰው፣ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ጨው እኩል እስኪሆን ሦስት፣ አራት፣ አምስት ቀን ይፈጃል። በዚያ መሐል ሰውነቱ የተረፈውን ጨው ለማቅጠን ውኃ ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት ሊጨምር ይችላል። ከበዓል ማግስት ቀለበት ጣት ላይ አልወጣ ሲል ሁሉም ነገር ስብ አይደለም።

የነጋድራሱ መገኘት ታሪክ ደግሞ የራሱ ጨዋታ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች በፓስፊክ ሐሩር ውስጥ የሚዋጉ ወታደሮቻቸው ጉዳይ አሳሰባቸው። ሚቺጋን ውስጥ ጄሮም ኮን የሚባል ሐኪም ሰዎችን በሙቀት ክፍል እያስቀመጠ ላባቸውን ሰበሰበ። ያየው አስገረመው፦ ሰውየው ሙቀቱን በለመደ ቁጥር በላቡ ውስጥ ያለው ጨው እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ የሚያዝ ነገር አለ ማለት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በኋላ ባልና ሚስት የሆኑት ሲልቪያ ሲምፕሰንና ጄምስ ቴት ለንደን ውስጥ፣ ከስዊዘርላንድ ኬሚስቶች ጋር ተጋግዘው ሆርሞኑን ለይተው አወጡት። ኮን በ1955 እ.ኤ.አ. የዚያችን ዕጢ እባጭና ያልተገራ አልዶስቴሮን ይዞ የሚመጣ የደም ግፊት በሽታን ገለጸ፤ በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኔ ግን ይህን ሳነብ የታየኝ የፓስፊክ ወታደር ሳይሆን አሳሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ጨው የሚፈልጠው ሰው ነው። ሰውነቱ በውስጡ ያለችውን ጨው ላብ እንዳይወስድበት ይሟገታል፤ እጁ ላይ ያለው ጨው ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

ሬኒን ከዚያ ይቀድማል። ስቶክሆልም ውስጥ ቲገርስቴትና በርግማን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1898 እ.ኤ.አ. የጥንቸል ኩላሊት ጨምቀው ሌላ ጥንቸል ሲወጉ ግፊቷ ወጣ። ለአርባ ዓመት ገደማ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። የደም ግፊትን በክንድ መጠቅለያ መለካት የጀመረውን መሣሪያ ደግሞ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ ቱሪን ከተማ ውስጥ ያስተዋወቀው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማለትም ወገኖቹ አድዋ ላይ በተሸነፉበት በዚያው ዓመት! ሩስያዊው ኮሮትኮፍ የማዳመጫውን ዘዴ የጨመረበት በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ጋ ምኒልክ ከ1902 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ሽባ ሆነው፣ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ። ስለ ሕመማቸው ብዙ ተብሏል፤ ያለ ልኬት ምርመራ ግን ሐሜት ስለሚሆን እኔ አልገባበትም።

ወደ ገበያችን እንመለስ። ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ፓሪስ አስቀርጸው፣ 1887 ዓ.ም. የሚል ያለበት ብር ወጣ። ሕዝቡ ግን እንደ አራዳነቱ ጠረጠረ፤ ጠገራውንና አሞሌውን ቶሎ አልለቀቀም። ለአሞሌ ክፉ ዘመን ያመጣው ከሳንቲሙ ይልቅ ባቡሩ ይመስለኛል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የባሕር ጨው በጆንያ ተጭኖ መግባት ቻለ። ኬላ የለ፣ በቅሎ የለ። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ ለአደባባዩ "ፒያሳ" የሚለውን ስም ትቶ ሄደ፣ የአበሻውን ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን አቋቋመ። (ፓስታንም ትቶልናል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።) የአሞሌውን አራዳ ፈልጋችሁ ብትሄዱ አታገኙትም። በ2016 ዓ.ም. እነ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ በዙሪያው ያለው አሮጌ ሰፈርም ብዙው ሄደ፤ በዚያው ዓመት የአድዋ መታሰቢያ ተመረቀ። ጊዮርጊስና ፈረሱ ላይ ያሉት ምኒልክ አሉ።

ጨዉም ረከሰ። በኤርትራ ጦርነት ምክንያት የምጽዋና የአሰብ ጨው ሲቀር ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ገበያውን ሞላው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጥቶ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ተደረገ፤ ለእንቅርት የሚበጅ ትልቅ ሥራ ነው። ዛሬ ጨው ከሱቅ ከሚገዙ ነገሮች ሁሉ ርካሹ ነው። ባለሱቁ መልስ ሲያጣ ከረሜላ ይሰጣል እንጂ ጨው አይሰጥም፤ አያቱ ግን በጨው መልስ ይሰጡ ነበር።

ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ኩላሊታችን የተሠራው ለአሞሌ ዘመን ነው። እንዲያውም ከአሞሌም በፊት ለነበረው፣ ጨው ፈጽሞ ለማይገኝበት ዘመን። በአማዞን ጫካ የሚኖሩት ያኖማሚ ሰዎች ምግባቸው ላይ ጨው አይጨምሩም። በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሽንታቸው የሚወጣው ሶዲየም ከምንም የማይቆጠር እንደሆነ፣ አልዶስቴሮናቸው ግን ሰማይ የነካ እንደሆነ አሳየ። ነጋድራሱ ሌት ተቀን በር ላይ ነው። እና ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ የደም ግፊታቸውም ዕድሜያቸው ስለጨመረ አይጨምርም። ቱቦዎቻችን ጨው ለመቆጠብ ያላቸው ችሎታ ገደብ የለውም ማለት ይቻላል። ጨው ለማባረር ያላቸው ችሎታ ግን ዋጋ አለው፤ በብዙ ሰው ላይ የሚከፈለው ግፊትን በመጨመር ነው። ግፊት ሲጨምር ጨው ይወጣል፤ ሒሳቡ ይዘጋል። ኩላሊት ሒሳቡን ዘግቷል፤ ዕዳውን የተሸከሙት የደም ሥር፣ ልብና አንጎል ናቸው።

ይህ እንዲያው ግምት አይደለም። ሌዊስ ዳል የተባለ አሜሪካዊ ጨው የሚያሳምማቸውና የማያሳምማቸው አይጦች አራብቶ ኩላሊታቸውን ቢያቀያይር፣ ግፊቱ ኩላሊቱን ተከትሎ ሄደ። ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ እነ ሮሲዬ የመጨረሻውን የሶዲየም በር ዘረ መል በ1993 እ.ኤ.አ. ለዩ፤ በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ እነ ሪቻርድ ሊፍተን ይህ በር ተከፍቶ አልዘጋ የሚልባቸው ቤተሰቦች ገና በወጣትነት ብርቱ የደም ግፊት እንደሚይዛቸው አሳዩ። አንድ በር ናት የተበላሸችው።

እዚህ ላይ "ጥቁር ሕዝብ ጨው ይይዛል" የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ "በባሪያ መርከብ ላይ የተረፉት ጨው የሚይዙት ብቻ ናቸው" የሚል መላምት ነበር፤ የታሪክ ምሁሩ ፊሊፕ ከርቲን በ1992 እ.ኤ.አ. ማስረጃ የለውም ብሎ በጣጠሰው። የዘረ መል ልዩነት መኖሩ አይካድም፤ ግን አንድ አገር ሙሉ ሕዝብን በቆዳ ቀለም ብቻ "ጨው ያዥ" ብሎ መፈረጅ ሳይንስ አይደለም፤ ስንፍና ነው።

አሁን ስለ ፓስታው። ቱቦው የሚያየው ሶዲየምን ብቻ አይደለም። ፖታሲየምንም ያያል፤ በጎመን፣ በድንች፣ በባቄላ፣ በምስርና በሙዝ ውስጥ የሚገኘውን። ፖታሲየም ሲበዛ ከመጨረሻው በር ቀደም ብላ ያለችው ኬላ ትዘጋለች፣ ጨው ወደ ውጭ ይሄዳል። ፖታሲየም ሲያንስ ኬላዋ ትከፈታለች፤ ጨው ቢትረፈረፍም እንኳ እንዳጣ ሰው መሰብሰቧን ትቀጥላለች። ስለዚህ ጎመንና ምስር የሚበላ ጿሚና ነጭ ዳቦ በፓስታ የሚበላ ፒያሳዊ አንድ ዓይነት ጨው ቢጨምሩ እንኳ ኩላሊታቸው አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። የፒያሳው ሳህን ላይ ደግሞ የሾርባ ኩብ አለ (አብዛኛው ጨው ነው)፣ በርበሬው ሲፈጭ የገባበት ጨው አለ፣ ሚጥሚጣው አለ፣ ቺፕሱ አለ፤ ከዚያ ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ ወዳጅ አለ። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት አማካይ የጨው ፍጆታችን በቀን ከ8 ግራም በላይ እንደሆነና ከስድስት አዋቂ አንዱ ያህል የደም ግፊቱ ከፍ ያለ እንደሆነ አግኝቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም ይጎዳዋል፤ ልብ ሊያቆም ይችላል። ይህን አንብባችሁ ለታመመ ዘመድ ሙዝ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

መድኃኒቶቹም የሚሠሩት እነዚያው ኬላዎች ላይ ነው። ሐኪም "የሚያሸና" ብሎ የሚሰጠው ክኒን የአንዱን ኬላ ሠራተኛ ያስተኛል። ላዚክስ የሄንሌን ቀለበት፤ ከ1957 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት የታያዛይድ ክኒኖች ቀጣዩን፤ ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ ነጋድራሱን ራሱን። ቱቦው ግን አራዳ ነው ብለናል። አንዱን ኬላ ስትዘጋበት ቀጥሎ ያለው ኬላ ይወፍራል፣ ይበረታል፣ ያመለጠውን ይሰበስባል። አንዳንድ ታካሚ መድኃኒቱ "ለመደኝ" የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐኪሞች ሁለት ዓይነት ክኒን የሚያጣምሩትም ከዚህ የተነሳ ነው።

ይኸው ብልጠት በሌላ በኩል ይጎዳናል። የደም ግፊትና ስኳር ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሲገድሉ የቀሩት የሞቱትን ሥራ ይወስዳሉ፤ ይወፍራሉ፤ ትርፍ ሰዓት ይሠራሉ። ከተወለድን በኋላ አዲስ ኔፍሮን አይፈጠርም፤ ያለው ያለው ነው። ሰውየው ግማሹን አጥቶ እንኳ ምንም አይሰማውም። ሽንቱ ይወጣል፣ ምግቡ ይጣፍጠዋል፣ እሱም "ደህና ነኝ" ይላል። ሲሰማው አብዛኛው አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለውን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጎማው ያለቀ ሚኒባስ ላይ የተለጠፈ ፎቶ፣ ድምፅ ማጉያ፣ "ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፣ ወገን ድረስልኝ"፣ መስኮት ላይ የሚዘረጋ ካርቶን። እጥበት በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ነው። ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ኩላሊቱ የሚመጣው ግን በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። ወንድም አለህ ወይ፣ እህት አለች ወይ፣ ደሟ ይገጥማል ወይ፣ ባሏ ይፈቅዳል ወይ፤ ነገሩ የቤተሰብ ሽምግልና ይሆናል።

የተተከለ ኩላሊት ነርቩ ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ ከአዲሱ ባለቤት አንጎል ጋር የሚያገናኘው ሽቦ የለም። ጨው ሲያንስ ይቆጥባል፣ ሲበዛ ያፈሳል። ነጋድራሱ መልእክቱን የሚልከው በደም ነውና ትእዛዙ ይደርሰዋል። የእህት ኩላሊት በወንድም ሆድ ውስጥ፣ በወንድም ዕጢ ሆርሞን እየታዘዘ፣ ከዚያው ቤት ወጥ የመጣውን ጨው ይመዝናል።